እጅ ያወጣላት የለም

በምሠራበት የልጆች ልብስ ፋብሪካ፣ ከእኔ ማሽን አጠገብ ኮሌታ የምትሰፋ ሴት ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ «እትዬ» እላታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ስትሰፋ አንድም ኮሌታ ተጣሞ ተመልሶባት አያውቅም። ስቀጠር ሥራውን ያሳየችኝ እሷ ናት። ወልጄ ስመለስም፣ እንቅልፍ ሲጥለኝ በክርኗ ጎሸም እያደረገች «አይዞሽ፣ ያድጋል» ትለኝ ነበር።

ፋብሪካው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። መርፌ ከተሰበረ ስብርባሪው በሙሉ ተፈልጎ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ ካልሞላ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ልብሱን የሚለብሰው ሕፃን ነዋ! ከጥቂት ወራት በፊት የእትዬ መርፌ ተሰበረና ጫፏ ጠፋች። ሥራ አቁመን ወለሉን በማግኔት ስናስስ ቆየን። በመጨረሻ የተገኘችው ሊታሸግ ተራ በሚጠብቅ ሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ልቧ አላረፈም። እያንዳንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ በማግኔት ትዳብሳለች። መሐል ላይ ሰው ካናገራት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። «ምንም እንደሌለ አውቃለሁ እኮ» ትለኛለች፣ «እጄ ግን እሺ አይለኝም።»

ሥራው እሷ ጋ ሲከመር በተርታ የተቀመጥነው አሥራ አራት ሰፊዎች በሙሉ እናመሻለን። አብዛኞቻችን እናቶች ነን፤ የልጆች ማቆያው ደግሞ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል። መጀመሪያ አጉረመረምን፤ ቀጥሎ «ማግኔት» የሚል ስም ወጣላት። ለየብቻ ስናገኛት ሁላችንም ደህና ሰዎች ነን፤ ስንሰበሰብ ነው ሌላ የምንሆነው።

አንድ ከሰዓት የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለዋ፣ ያቺ ቀልድ የማያልቅባት፣ ጮክ ብላ፣

«ማግኔትዬ፣ ትናንት የታሸገው ካርቶን ውስጥ አንዲት ስባሪ ቀርታለች አሉ!» አለች።

ሁሉም በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ።

እትዬ ግን ተነሥታ ወደ መጋዘን ሄደች። ተከትለን ስንደርስ ሰባት ካርቶን ቀድዳ ሸሚዝ መሐል ተንበርክካለች።

«ውይ እኔን! ቀልዴን እኮ ነው!» አለች ቁልፍ ተካይዋ ደንግጣ።

«ይሁን እህቴ፤ ብቻ አንዴ ልየው» አለቻት እትዬ፣ ቀና ሳትል።

ነገሩን የሰማው አለቃችን እትዬን በር ላይ አስቁሞ እኛን ሰበሰበን። «ሐኪም ይያትና ማሽኗ ይጠብቃት የምትሉ እጅ አውጡ። እናንተ ከቻላችኋት እኔ ምን ቸገረኝ?»

ቁልፍ ተካይዋን አየሁ፤ ወለሉን ታያለች። ከፊቴ የምትቀመጠዋን ኪስ ሰፊ አየሁ፤ እኔን ታያለች። እጄ ጭኔ ላይ ከበደኝ። አንድም እጅ አልወጣም።

ስንወጣ ቁልፍ ተካይዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አንቺ ብታወጪ እኮ አወጣ ነበር» አለችኝ። ኪስ ሰፊዋም ይህንኑ አለች። እኔስ ማንን ስጠብቅ ነበር? እነሱን።

በዕረፍት ቀኔ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ረጋ ብላ አዳመጠቻት። «ግትርነት አይደለም፣ እብደትም አይደለም እናቴ፤ ሕመም ነው። ስትፈትሺ ጭንቀቱ ለጊዜው ይለቅሻል፤ ስለለቀቀሽ ደግሞ መልሶ ያስፈትሽሻል። ይታከማል፤ ወራት ግን ይፈጃል።»

«ማሽኔስ?» አለች እትዬ።

ነርሷ ዞራ እኔን አየችኝ።

የጤና ጣቢያውን ወረቀት ለአለቃችን ሰጠሁት። «ጓደኞቿ አልፈለጓትም፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ለሴቶቹ ነገርኳቸው። «አለቃ ከወሰነ እኛ ምን እናደርጋለን?» አሉኝ። በማግሥቱ ማሽኗ ላይ አዲስ ሰፊ ተቀመጠች።

ቀጠሮዋ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ነው። አብሬያት እንድሄድ ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ፤ እስካሁን አንድም ቀን አልቀረችም። እንደሚሻላት አምናለሁ። ማሽኗን ግን ከየት አመጣላታለሁ?

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። ተጫውተን ተጫውተን ድንገት፣

«ለመሆኑ ያን ቀን ስንት ሰው እጅ አወጣ?» አለችኝ።

«ተይው በቃ፣ እትዬ።»

«አንቺስ?»

ጎንበስ ብዬ የልጄን ጫማ ማሰር ያዝኩ። እሷ ልጄን ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ የሸሚዙን ኮሌታ በጣቶቿ መዳበስ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት... ልጁ ተወራጨ። እንደገና ከአንድ ጀመረች።

«ዝም በል የኔ ጌታ» አልኩት። «ትጨርስ።»