ያልተቀባችው ጉልበት

ነገ አርባቸውን የምናወጣላቸው አያታችን፣ አባባ፣ በግራ እግራቸው ያነክሱ ነበር። ምክንያቱን ለጠየቃቸው ሁሉ በኩራት ያወሩታል።

በጣሊያን ጊዜ፣ ዲላ ሳሉ፣ በዳገቱና በዝናቡ ብዛት ሁለቱም ጉልበታቸው ታመመ። አንድ የጣሊያን ሐኪም ቅባት ሰጣቸው። አባባ ቀኙን ብቻ ቀቡ። ቀኙ ዳነ፤ ግራው እንደታመመ ቀረ። አሁን ግራውንም ልቀባ ብለው ብልቃጡን ቢያነሱ ለካ ቀኙ ጨርሶታል። ሐኪሙን እንዳይጠይቁ ጣሊያን ተሸንፎ ወጥቷል።

ባለቤታቸው እማማ ይህን ወሬ በሰሙ ቁጥር ይናደዳሉ። «ሁለቱንም ብትቀባ ምን ነበረበት፣ አንተ ሰውዬ?»

«ዝናቡም እኮ ያን ሰሞን አባርቶ ነበር» ይላሉ አባባ። «ሁለቱም ቢድኑ ቅባቱ ይሁን ፀሐዩ ያዳነኝ በምን አውቃለሁ?» ከዚያ ግራ ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። «ምስክሬ እሷ ናት።»

እኛንም ሲመክሩ፣ «የአንድ ነገር ሥራው የሚታወቀው እሱ የሌለበትን ስታዩ ነው» ይሉን ነበር።

ይኸው አባባ፣ እርስዎ የሌሉበትን ቤት እያየን ነው። በረንዳው ላይ ያ ጎተት የሚል እርምጃ አይሰማም፤ እማማም የሚቆጡት ሰው አጥተው ዝም ብለዋል። አባባ፣ ሥራዎ ታውቋል። ሙከራው ይበቃል።