ታንጉትና የጆንያው ታች

ቡሬ ገበያ እህል የሚሸጥ ሰው ታንጉትን ከሩቅ ካያት የጆንያውን አፍ ራሱ ይፈታላታል። እሷ ከላይ ያማረውን ጤፍ አታይም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ትሰድና ከታች አንድ እፍኝ ታወጣለች። ባሏ በሞተ ዓመት ከላይ ማኛ፣ ከታች ገለባ የሞላበት ጆንያ ገዝታ ገብታለች፤ ያ ነገር ከሆዷ አልወጣም። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የሚባለውን ጎረቤት ሁሉ እሷን ባየ ቁጥር ይተርተዋል።

ስለዚህ በግንቦት ጎረቤቷ ምናለ የራሱን ማሳ ትቶ የእሷን የበቆሎ መሬት ሲያርስ ብታገኘው፣ ከምስጋናው ጥርጣሬው ቀደመ። ወንፈል አልተጠራ፣ እሷም አልለመነች። ምናለም እንኳን ጉልበቱን በሬውንም ለሰው የሚያውስ አይደለም። «መሬቴን ፈልጎ ነው» አለች በሆዷ። ብዙም ሳይቆይ ሌላዋ ጎረቤቷ ያምሮት ማር ይዛ መጣች። ሁለቱ በቦይ ውሃ ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ሰነባብተዋል። «ይህችስ ልጄን ለወንድሟ ልታጭ ነው» ብላ ማሩን አልጋ ስር ገፋችው፤ በጣቷ እንኳ አልነካችውም።

ልጇ እስከዳር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከአንደኛ ወርዳ አታውቅም። ታንጉት በዚህ ዓለም ያልጠረጠረችው ነገር ቢኖር የዚህችን ልጅ ትምህርት ነበር። ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅቱ ታጥና ብላ ከብቱንም ራሷ ታግዳለች፣ እንጨቱንም ራሷ ትለቅማለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምናለን መንገድ ላይ ያዘችው።

«አያ ምናለ፣ መሬቴን ያረስኸው ስለምን ነው? እውነቱን ንገረኝ።»

«ምን ክፋት አለው፣ እታለም? ለሚኒስትሪ ፈተና ሲቀመጡ የኔዋ ልጅ ህይወት ከእስከዳር ኋላ ናት። የያምሮት ልጅ ደግሞ ከጎኗ። መምህር ልዑልሰገድ ናቸው የደለደሏቸው። ወረቀቷን ትንሽ ገለጥ ብታደርግላቸው ብለን ነው።»

በማግስቱ ታንጉት ትምህርት ቤት ሄደች። ርእሰ መምህሩ ልዑልሰገድ ከፍኖተ ሰላም የመጡ ትሑት ሰው ናቸው። ድልድሉን አልካዱም።

«ምን ላድርግ፣ እናቴ? እኔ የምለካው ፈተናውን ባለፈው ልጅ ብዛት ነው። ስንቱ ገባው ብሎ የጠየቀኝ አለቃ እስከ ዛሬ የለም። ከጥር ወዲህ መጽሐፍ አላስከፈትንም፤ የድሮ ፈተና ብቻ ነው የምናሠራቸው። ስለ እስከዳር ግን አያስቡ። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ታከብባለች።»

ይህን ሲሉ ኮራ ብለው ነበር። ታንጉትን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ጥያቄው ሳያልቅ? መንገዱን ሁሉ እያሰላሰለችው ሄደች። አገሩ ሁሉ በአንዲት ልጅ ከተደገፈ፣ የልጅቱን ታች ያየ ማን ነው? እውነት ለመናገር እናቷም አላየችውም።

ቤት ስትደርስ ለጎተራው የገዛችውን የነቀዝ መድኃኒት እሽግ ካስቀመጠችበት አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት። እስከዳር የተጻፈውን ሳትደናቀፍ አነበበችው፤ ለአንድ ኩንታል እህል የሚጨመረውን ልክ ይናገራል።

«ለኛ ጎተራስ ስንቱ ይበቃል?»

ልጅቱ እሽጉን ገለበጠችው። ደግማ ገለበጠችው።

«ምርጫው የት አለ፣ እማዬ?»

«የምን ምርጫ?»

«ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነዋ። ምርጫ ከሌለው በምን አውቀዋለሁ?»

አልቀለደችም። ታንጉት እሽጉን ተቀበለቻት። ያን ሁሉ ዘመን ከብት ተከትላ የደከመችው ለዚህ ነበር?

«ጎተራው እዚያ ቆሟል፤ ሄደሽ እሱን ጠይቂው» አለቻት። እስከዳር አለቀሰች። አልቅሳ ሲወጣላት ግን ቁና አንሥታ የቀረውን በቆሎ መስፈር ጀመረች፤ ተሳስታ እንደገና ሰፈረች፤ በመጨረሻ ልኩን አገኘችው።

ታንጉትም ማሩን ለያምሮት መለሰች። «መግለጥ አለመግለጡን ልጄ ታውቃለች። እኔ ግን ታቹን ዳስሼዋለሁ፣ ገለባ አለበት» አለቻት። ያምሮት መልሱን ልትደብቅብን ነው ብላ በየቤቱ አወራች።

ፈተናው አለፈ። ማን ከማን እንደቀዳ ፈጣሪ ይወቀው፤ በክረምቱ መጨረሻ ውጤት ሲመጣ አንድም የወደቀ አልነበረም። እስከዳር ከወረዳው አንደኛ ሆነች። ትምህርት ቤቱ ግቢ እልልታው ቀለጠ። ታንጉት ግን እልል አላለችም።

«እታለም፣ ዛሬም ትጠረጥሪያለሽ?» አላት ምናለ።

«እጠረጥራለሁ» ብላው ወደ ቤቷ ሄደች።

እስከዳር ከግርግሩ ቀድማ ገብታ ነበር። ጎተራው ሥር ተንበርክካ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷን በግድግዳው ስንጥቅ እስከ ክርኗ ሰዳለች።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን በልኩ ጨምረን ነበር። ነቀዙ ለምን ተመለሰ? እኔ ጎተራውን ጠርጥሬዋለሁ። እህሉ ሲያልቅ እዚህ ውስጥ እየተደበቀ ይሆን?»

ታንጉት መልሱን አታውቀውም። ልጅቱም አታውቀውም። ማንም እንድትጠይቅ አላዘዛትም። ታንጉት ለውጤቱ የነፈገችውን እልልታ ባዶ ግቢ ውስጥ አቀለጠችው። ምናለ ሰምቶ እየሮጠ አጥሩ ጋ ደረሰ።

«ምን ተገኘ?»

«ልጄ ጠረጠረች» አለችው።

ምናለ እናትና ልጅን ተራ በተራ አያቸው። ከዚያ ይህች ሴት አንድ የደበቀችን ነገር አለ እያለ ወደ ቤቱ ተመለሰ።