ያለ መስመር የዞሩት ዓሦች

ቤተ ሙከራችን ውስጥ «ዓይናማው» የምንለው ተመራማሪ ነበር። ስሙን ያወጣንለት ለፌዝ ነው፤ እሱ ግን ሙገሳ መስሎት ኮራበት። ሥራው ከጥፍር የማይበልጡ ዓሦችን ዓይን መፈተን ነው። ዓሦቹ በብርጭቆ ሳህን ይቀመጣሉ፤ በዙሪያቸው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለበት ወረቀት በሞተር ይሽከረከራል። የሚያይ ዓሣ መስመሩን ተከትሎ ይዞራል፤ የማያይ ባለበት ይቀራል።

አንድ ቀን ዓይናማው የታወሩ ዓሦችን የሚያድን ጠብታ አገኘሁ አለ። እውነትም ዓሦቹ መዞር ጀምረው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰላምታችንን በአገጩ ይቀበለን ጀመር።

አጠገቡ የምትሠራው እኩያው ግን ነገሩ አላማራትም።

«ወንድሜ፣ አዲሱ ሞተር ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠው ነው። ውሃው ይሆናል የሚያዞራቸው። እስቲ መስመር የሌለው ወረቀት አድርግና ሞክረው።»

«ሰው ሲሳካለት ለምን ያምሻል?»

«ምን ያመኛል? ወረቀት ቀይር ነው ያልኩህ!»

«ባዶ ወረቀት አይቶ የሚዞር ዓሣ የት አለ? በይ አታድክሚኝ።»

ጭራሽ እንግዳ ጠራ። ኃላፊያችን መጡ፤ ልጃቸውን ለጥርስ ሐኪም ሊድሩ አስበው የነበሩት አማቱም ልጃቸውን፣ የእሱን ሚስት፣ አስከትለው ዘንጠው መጡ። ዓሦቹ ዞሩ፤ ተጨበጨበ። ይሄኔ ኃላፊያችን፣ «ያለ መስመሩስ?» ብለው ጠየቁ።

እሳቸውን እንደ እኩያው ማመናጨቅ አይቻልም። ላቡ ጠብ እያለ ነጩን ወረቀት አደረገና ሞተሩን አስነሳ። ዓሦቹ እንደ ቅድሙ ዞሩ።

«ውይ፣ አሁንም ያያሉ!» አሉ አማቱ በደስታ። «ልጄ፣ ምኑን ነው የሚያዩት?»

«መስመሩን... ያስታውሱታል» አለ።

እኩያው ሞተሩን ከጠረጴዛው አንስታ በእጇ ያዘችው። ወረቀቱ መሽከርከሩን ቀጠለ፤ ዓሦቹ ቀጥ አሉ። መስመር ያለውን መልሳ ብታደርግም ንቅንቅ አላሉም። ጠብታው ከተራ ውሃ አልተሻለም ማለት ነው።

«እንግዳ በዝቶባቸው ደንግጠው ነው!» አለ ዓይናማው። ኃላፊያችን ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። አማቱ እንኳ ገባቸውና፣ «ተነሽ እንሂድ» አሏት ልጃቸውን።

ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ሳምንት አንገቱን ይደፋ ነበር። እሱ ግን በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፎ አገኘነው፦ «የዓሦች የማስታወስ ችሎታ ምርምር ክፍል»።