ለአንድ ሰው ሁለት መቃብር

አርባ ምንጭ አንድ ከተማ ናት ብለው የሚያምኑት ካርታ የሚስሉ ሰዎች ብቻ ናቸው። የምንኖርባት ሰዎች ወይ ላይ ሴቻ ነን፣ ወይ ታች ሲቀላ፤ በመካከላችን ሚኒባስ አለ። አሁን ደግሞ በዙሪያችን ያሉትን ጨንቻን፣ ላንቴንና ሸሌን ጨምረው አንድ ትልቅ የከተሞች ቀጠና ሊያደርጉን እንደሆነ በየስብሰባው እሰማለሁ። ያድርጉ። እኔ የከተማን ወሰን የማውቀው በእድር ነው፤ ከተማህ መቃብርህን የሚቆፍሩልህ ሰዎች እስካሉበት ድረስ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሲቀላ ኖሮ፣ እናቴ ስትሞት ሴቻ እህቴ ቤት ገባ። የላይኛው እድር ተቀበለው፤ እሱም የታችኛውን አልተወም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሲቀላ ከእናቴ ጎን መቀበር።

ባለፈው ዓመት ሲያርፍ እህቴ ማንም እንዳይቀየም ብላ ለሁለቱም እድሮች አስነገረች። ሁለቱም ጨዋ ናቸውና ሳይጠያየቁ ቆፈሩ። የሲቀላ ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ ገብተው መቃብሩ እንደተዘጋጀ ሲናገሩ፣ የሴቻው እድር ሰብሳቢ የእኛም ተዘጋጅቷል አሉ።

የአባቴን ፍላጎት ነገርኳቸው። ለክርክር ተዘጋጅቼ ነበር፤ የሚከራከረኝ ጠፋ።

«ይውረዱ ልጄ፣ ከሚስታቸው ማን ይለያቸዋል» አሉኝ ሰብሳቢው። «ግን የተቆፈረ መቃብር ባዶውን አይደፈንም። ሌላ ሰው ይጠራል።»

ጴንጤ መሆናችንንና በእንዲህ ያለ ነገር እንደማናምን አስታወስኳቸው።

«አናምንም» አሉ። «ባዶውን ግን አንደፍነውም።»

እህቴ ወደ ውስጥ ገብታ፣ አባቴ ታሞ የተኛበትን ጋቢ አጣጥፋ ይዛ ወጣች። ሴቻ ላይ ጋቢውን አስቀምጠው አፈር መለሱበት፤ አባቴን ይዘን ቁልቁል ወርደን ከእናቴ ጎን ቀበርነው። ፍላጎቱ ተፈጸመ።

እህቴ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሲቀላ መቃብር ሄዳ አታውቅም። እሁድ ከጸሎት ስትመለስ ጋቢው ያለበት አፈር አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን፣ እዚህ እኮ ማንም የለም፣ ታች አብረን እንሂድ አልኳት።

«ታች ያለው የእማዬ ባል ነው» አለችኝ። «እኔ ሳገላብጠው የከረምኩት በዚህ ጋቢ ነው።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔም ብቻዬን ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ።