አስፈሪ ፊልም ከእህቴ ጋር

የዛሬ አስፈሪ ፊልም አያስፈራም እያልኩ ስከራከር ቤተሰቡ ሁሉ ሰልችቶታል። እውነቴን እኮ ነው! ግማሹ ጨለማ ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ያለው ሳሎኔ ፀሐይ አያጣም፤ መጋረጃ ዘግቼ እንኳ ቴሌቪዥኑ ላይ የማየው የራሴን ፊት ነው። በዚያ ላይ ጭራቁ ጭራቅ መሆኑ ቀርቷል፤ መጨረሻ ላይ «ለካ ሐዘን ኖሯል» ይሉሃል። ለሐዘንማ ጥርስና ጥፍር ምን ያደርግለታል? ድንገት ጓ! አድርጎ ማስደንገጥም ማስፈራት አይደለም። እሱንማ የጎረቤት ድመትም ታደርገዋለች።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ለታላቅ እህቴ ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአቃቂ በሰቃ ትመጣለች፤ ምሳ በልተን አንድ ፊልም እናያለን። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ በስሱ በኩል ታያለች። «እያማተቡ የሚያዩት ፊልም ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ትለኛለች፤ ቀርታ ግን አታውቅም።

ባለፈው እሁድ ያየነው ፊልም ላይ አንዲት ሴት ወጥ ቤት ብቻዋን ቆማ ሳለ ስልክ ይጠራል። ስታነሳው «እናትሽ ሞታለች» ይላታል አንድ ድምፅ። እኔ ሳቄ መጣ።

«በቃ? ይሄ ነው የሚያስፈራው? ስልክ እኮ ነው!»

እህቴ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። «አንተን ምን ያስፈራሃል» አለች፤ «ደዋዩ አንተ ነበርክ።»

ክው አልኩ። አምና እናታችን ሆስፒታል ስታርፍ አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። ወጉ ማንም አይጠፋውም። ለልጅ የእናቷ መርዶ በስልክ አይነገርም። አፍን ይዞ፣ ሽማግሌና ዘመድ ሰብስቦ፣ ሲነጋጋ ቤቷ ይኬዳል፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ግን ጭንቅላቴ የት እንደነበር እንጃ፣ ደወልኩላት። ሳሪስ ላይ ታክሲ ውስጥ ነበረች።

«ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ» አለችኝ። «አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። መጮህ ፈልጌ ሰው አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አልወጣልኝም።»

እውነትም ለቅሶው ላይ እንባ አላየሁባትም ነበር። እኔ ጅሉ፣ ጠንካራ ናት ብዬ አድንቄያታለሁ! ፊልሙ ሳያልቅ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ይቅርታ በስልክ አይሆንም አልኩና በማግስቱ ከሥራ በፊት ቤቷ ሄድኩ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። በምን ሰዓት እንደመጣሁ የገባኝ ያኔ ነው።

«አባዬ ነው?» አለች።

«ኧረ አባዬ ደህና ነው! ብቻዬን ነኝ። በስልክ ስለነገርኩሽ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

በሩን እንደያዘች ቀስ እያለች ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «ወይኔ እናቴ!» ብላ ጮኸች። ሰፈሩን የሚያናውጥ ጩኸት ነበር። ወድቃ እንዳትጎዳ ጎንበስ ብዬ ያዝኳት።

ጎረቤቶች እየሮጡ መጡ። «ምነው ልጄ? ማን ሞተ?» አሏት አንዲት አሮጊት።

«እናቴ» አለቻቸው።

አሮጊቷ አምና ቀብሩ ላይ ነበሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀመጡ።