በደሴት የቀረው ልጅ ዝክር

ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ አባዬ፣ እርስዎ የነበሩበት ባሕር ይኸ አይደለም ወይ አለችኝ። ንፋስ መውጫ ጂኦግራፊ ታስተምራለች፤ ለተማሪዎቿ ቪዲዮ ስትፈልግ ነው ያገኘችው። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ ሁለት ጊዜ አለቀባት። በሦስተኛው አየሁት። ቀይ ባሕር ነው፣ ደሴቶቹም እነዚያው ናቸው። ውኃው ሰማያዊ፣ አሸዋው ነጭ። የባሕር ኤሊ እንቁላሏን ልትጥል ወደ ዳር ትወጣለች፤ ጀልባ ሙሉ ቱሪስት ካሜራውን ደግኖ ይጠብቃታል። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ እየሳቀ ያወራል። ተፈጥሮ ለማየት የሚመጣው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው ይላል ብላ ተረጎመችልኝ። ይብዛ። እኛ ሦስት ዓመት ስንኖርበት የውኃ ጀልባ መጣች አልመጣች ከማለት በቀር ተፈጥሮ የሚባል ነገር አላየንም።

ቀጥሎ አንድ የፈረሰ ግንብ መጣ። ጥንት ጣሊያን ያሠራው እስር ቤት ነው። አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት ግንቡን ተደግፋ ፎቶ ትነሣለች። ስልኩን ከልጄ እጅ ነጠቅሁና አጠፋሁት። ልጄ ደነገጠች። ምን ልበላት? ሴትዮዋ የቆመችው እኔ በእጄ የቆፈርሁት መቃብር ራስጌ ላይ ነው። ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሟቹ የአገሬ ልጅ ነው፤ የጋይንት ሰው። በአንድ ቀን ለውትድርና ታፍሰን፣ በአንድ መኪና ተጭነን ሄድን። እስር ቤቱ እስረኛ ካጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ እኛ ወታደሮቹ እንተኛበት ነበር። አንድ ሚያዝያ ልጁን ትኩሳት ጣለው። ጀልባዋ ዘገየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኑን ገለጠና፣ ዛሬ እኛ አገር ንግሥ ነው አለኝ። የደብራቸው ታቦት ጊዮርጊስ ነው፤ ቀኑ ሚያዝያ ሃያ ሦስት። ከሰዓት በኋላ አረፈ። ቄስ የለ፣ ፍትሐት የለ። ልጅ ሆኜ የቄስ ትምህርት ትንሽ ቀምሻለሁና አቡነ ዘበሰማያትን አለቃችን እንዳይሰማ በሆዴ ደግሜ ከግንቡ ሥር ቀበርሁት።

ሠራዊቱ ሲበተን በእግሬ አገሬ ገባሁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላጣሁትም። ሽማግሌ ይዘህ፣ ዘመድ አስጠርተህ፣ ጎሕ ሲቀድ ደጃፍ ላይ ትቆማለህ፤ እናት ብቻዋን እንዳትወድቅ ነው። እኔ ግን ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ፣ መጀመሪያ ቤቱን ልየው ብዬ ብቻዬን ወረድሁ። ከአጥሩ ስደርስ ዳስ ተጥሏል፣ ይዘፈናል፤ ለካ እህቱን እየዳሩ ነው። እናቱ የወታደር ልብሴን ሲያዩ እየሮጡ መጥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። "ልጄስ?" አሉኝ። በሠርግ ላይ መርዶ ይነገራል? ደኅና ነው፣ እኋላ ይመጣል አልሁ። ሠርጉ ይለፍና በሳምንቱ ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በሳምንቱ አልተመለስሁም።

እሳቸው በዚያው ለጊዮርጊስ ተሳሉ። ልጄን እስክታመጣልኝ በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ዝክርህን አወጣለሁ አሉ። ዳቦ ይጋግራሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ፣ ጎረቤት ይጠራሉ። ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት እኔን ነው፤ ልጄን ያየ ዓይን ይሉኛል። ከመሶቡ አጠገብ አስቀምጠው ዳቦውን ከመሐሉ ቆርሰው ይሰጡኛል። እኔም እበላለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ልጁ በሞተበት ቀን፣ በሰላም ይመለስ ተብሎ የተጋገረ ዳቦ በላሁ። በያመቱ ዘንድሮስ እነግራቸዋለሁ ብዬ እወርዳለሁ፤ ጠግቤ እመለሳለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እያደረ ከበደ እንጂ አልጠራም። አንዲት ያልተነገረች ቃል ሰውን እንዲህ ታደክማለች ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ቪዲዮውን ያየሁት በዘንድሮው ዝክር ዋዜማ ነው። በማግስቱ በባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ፣ ከዚያ በእግሬ ቁልቁል። ጉልበቴ ቁልቁለት ጠልቷል፤ እያረፍሁ ደረስሁ። እናቱ ዛሬ እማሆይ ናቸው፤ ከመነኮሱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል። ዘንድሮ ዳቦው አነስ ብሏል፣ ጎረቤቱም ጥቂት ነው። ሰው ተመርቆ ሲወጣ እኔም ልነሣ ስል እጄን ያዙኝ።

"ጉልበቴ አልቋል፤ የሚመጣውን ሚያዝያ አላገኘውም" አሉ። "ዝክሩን አንተ ያዝልኝ። እስኪመጣ ድረስ አንተ ጠብቅልኝ። አደራ።"

አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው። ይኸንንም እሺ ብዬ ልውጣ? እሺ ማለት ለምዶብኛል። ግን ያች ባርኔጣ ያደረገች ሴት መጣችብኝ። ከየት አገር እንደመጣች የማትታወቅ ሰው ራስጌው ቆማ ትስቃለች፤ የወለዱት እናት የት እንደተኛ አያውቁም። አፈርሁ። በራሴ በጣም አፈርሁ። ሽማግሌ አልያዝሁ፣ ጎሕ አልጠበቅሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ይዤ ያቆየሁትን ሥርዓት አፍርሼ ተናገርሁ።

"እማሆይ፣ አይመጣም። እኔ ነኝ የቀበርሁት።"

እጄን ለቀቁ። እርግማን ጠበቅሁ፤ ይገባኝ ነበር፣ ቢረግሙኝም ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ቆባቸውን አስተካከሉ። ስለ ትኩሳቱም፣ ስለ ግንቡም፣ ለምን እንደዋሸሁም አልጠየቁኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ቀኑ መቼ ነበር አሉኝ።

"ዛሬ ነው" አልሁ። "የጊዮርጊስ ዕለት።"

ወደ መሶቡ ዞሩ። የተረፈች አንዲት ቁራሽ ነበረች፤ አዩዋት፣ አነሷት፣ ፍርፋሪዋን በጣታቸው አራገፉ።

"እንግዲያ ተዝካሩ አልታጎለበትም" አሉ። "አንተም በልተህለታል። እንካ፣ አሁን ደግሞ እያወቅሁ ላብላህ።"

ተቀብዬ አፌ ውስጥ ከተትኋት። ማልቀስ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። ጎረቤት ድምፁን ሰምቶ እስኪመጣ ድረስ እሳቸው እያለቀሱ፣ እኔ ያን ዳቦ ለመዋጥ እየታገልሁ፣ ከእሳቸው ጋር የነበርሁት እኔ ብቻ ነኝ።