ዳንቴል የለበሰው መብራት

አጎቴ በሶዶ የማታ ትምህርት ቤታችን ጄነሬተሩንና መብራቱን ይጠብቁ ነበር። እኛ በዕድሜ የገፋን ሴት ተማሪዎች፣ ከጣሪያው ለተንጠለጠለው ረጅም ነጭ መብራት ክብር ብለን፣ እንደ ሬዲዮ ከላይ ዳንቴል እናለብሰው ነበር። ሙቀቱ ሲታፈን ብርሃኑ ይደክማል፤ ፊደሉም ይጠፋብናል። እሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው ዳንቴሉን ያወርዱና ወደ እኔ ይዞራሉ።

«አንቺ፣ መብራቱ በረደኝ አለሽ? ይተንፍስ እንጂ!»

«ጋሼ፣ ራቁቱን ነውር አይሆንም?»

«ነውሩስ አንቺ ሳታነቢ መቅረትሽ ነው።»

አጎቴ ሞተው ከቀብራቸው መልስ ሴቶቹ አልቅሰው፣ ለመታሰቢያቸው ብለው አዲስ ዳንቴል ሠርተው መብራቱን አለበሱት። የእሳቸው መታሰቢያ ነውና ማን ደፍሮ ያውርደው? ብርሃኑ እንደገና ደክሟል፤ እኔም ደክሞኛል፤ መጽሐፌን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ፣ ደወሉ እስኪደወል ያንኑ አንድ ገጽ ይዤ እቀመጣለሁ።